ዊንዶውስ 11 እምቢ ያላት ዴል

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ሱቅ አለኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ሲቪ እሠራለሁ፣ የቤት ኪራይ ውል አዘጋጃለሁ፣ ሰው በፍላሽ ያመጣውን ፕሪንት አደርጋለሁ። ይህን ሁሉ የምሠራው በአንዲት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው። ያገለገለች ሆና ነው የገዛኋት። ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10። በቅርቡ ቱሉ ዲምቱ ወስጄ አሳደስኳት። አሁን የምትሠራው ሊኑክስ ሚንት በሚባል፣ ዊንዶውስን በሚተካ ሲስተም ነው። ሱቅ የሚመጣው ሰው ሁሉ "ይሄ ምንድነው?" እያለ ስለሚጠይቀኝ፣ ስለሠራልኝ ቤትም ስለገባው ሲስተምም ያየሁትን ልጻፍ።

በአጭሩ ወድጄዋለሁ። ያወጣሁት ብርም አላንገበገበኝም። ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የምትሠሩ ግን እስከ መጨረሻው ሳታነቡ ምንም እንዳታስነኩ።

ነገሩ የተጀመረው ከማይክሮሶፍት ነው። ዊንዶውስ 10 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነበር። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ላይ፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025 መሆኑ ነው፣ ድጋፉ ቆመ። ኮምፒውተሩ በማግሥቱ መነሣት አያቅተውም። እንደ ድሮው ይሠራል። የደኅንነት ማስተካከያ ግን ከዚያ ወዲያ አይመጣለትም። ለግለሰብ ተጠቃሚ አንድ ዓመት የሚያራዝም ፕሮግራም አለ፤ እሱም በኦክቶበር 2026 ያልቃል፣ የማይክሮሶፍት አካውንትም ይጠይቃል። እዚህ አገር ስንቱ ኮምፒውተር በክራክ፣ ማለትም ሳይገዛ ተሰብሮ በተጫነ ዊንዶውስ፣ እንደሚሠራ ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ።

"ታዲያ አንቺ ምን አስጨነቀሽ? ፊደል ነው የምትለቅሚው" ያለኝ ሰው አለ። የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር እንደ ታክሲ ወንበር ናት። ማን እንደተቀመጠባት፣ ከየት እንደመጣ አታውቁም። ቀኑን ሙሉ የሰው ፍላሽ ይሰካባታል። አንዱን ትሰኩና ስትከፍቱት ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነው ቁጭ ብለዋል። ጥጉ ላይ ያቺ ትንሽ ቀስት አለች። ደንበኛው "ኧረ ፋይሌ ጠፋ!" ብሎ ይደነግጣል። አልጠፋም። ቫይረሱ ዋናውን ፎልደር ደብቆ በስሙ ሾርትከት አስቀምጧል። ሾርትከቱን ስትጫኑት ፎልደሩም ይከፈታል፣ ቫይረሱም ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚሰካው ፍላሽ ሁሉ ተበክሎ ይወጣል። ደንበኛው ቤቱ ሄዶ ሲያየው ደግሞ የሚረግመው እኔን ነው።

እኔ ጋ ያለው ሰነድም ቀላል አይደለም። ሰው ፋይዳውን ሊያሳትም ይመጣል፣ የቤት ካርታ ኮፒ ያደርጋል፣ የውል ፋይሉን "ለሌላ ጊዜ ይቀመጥልኝ" ይላል። ጠባቂ በሌለው ዊንዶውስ ይህን ሁሉ ይዤ ኢንተርኔት ላይ መቀመጥ አልፈለግኩም።

ያለው ምርጫ ዊንዶውስ 11 መስሎኝ ነበር። እዚህ ላይ ዴሏ እምቢ አለች። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ከጥቂቶች በስተቀር ከስምንተኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር ጀምሮ ያለውን ነው። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕም ይፈልጋል። የእኔ ሞዴል እ.ኤ.አ. የ2012 ነው። አምስት ትውልድ ወደ ኋላ ቀርታለች።

በጓሮ በር ማስገባት ይቻላል። ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም ፍላሹ ሲዘጋጅ ያንን ፍተሻ ማስቀረት ቀላል ነው፤ ብዙ ጥገና ቤት ይሠራዋል። መጀመሪያ የጠየቅኩት ቤትም ያቀረበልኝ ይህንኑ ነው። ስሙን ልተወው። "11 እንጭናለን፣ ኦፊስ እንጨምራለን፣ አክቲቬት አድርገን እናስረክባለን፤ አክቲቬተሩ እንዲሠራ ግን አንቲቫይረሱ ጠፍቶ ነው የሚቆየው" አለኝ። ማይክሮሶፍት ራሱ መስፈርቱን በማያሟላ ኮምፒውተር ላይ አፕዴት ለማግኘት ዋስትና የለም ይላል። እና ለደኅንነት ብዬ የማስቀይረውን ነገር፣ አንቲቫይረስ አጥፍቼ፣ ምንጩን በማላውቀው ክራክ ላስገባው? አመስግኜ ወጣሁ።

የሠራልኝ ቤት ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ያው የአዳማው የክፍያ መንገድ የሚጀምርበት። ከሞባይል ጥገናዎቹ መሐል ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ደጃፉ ላይ የተፈቱ ላፕቶፖች ተደርድረዋል፣ ውስጥ ሁለት ሰው ከተቀመጠ ሦስተኛው ቆሞ ነው የሚጠብቀው። አስቀድሜ ስደውል የሚጠግነው ልጅ "ማዘር፣ ፕሪንተሩንም ይዘው ይምጡ" አለኝ። ፕሪንተር ምን ያደርግለታል ብዬ አጉረመረምኩ። ሲፒዩዋን ጭኔ ላይ፣ ፕሪንተሩን እግሬ ሥር አድርጌ በባጃጅ ሄድኩ። የባጃጁ ሹፌር "ሱቅ እየለቀቁ ነው እንዴ?" ብሎኛል።

ልጁን የወደድኩት ምን እንደሚጭን ከመናገሩ በፊት ምን እንደምሠራ ስለጠየቀኝ ነው። "አማርኛ በምን ነው የሚጽፉት? ኤክሴል ላይ ማክሮ ይጠቀማሉ? ፎቶሾፕስ? ፒችትሪስ?" እያለ አንድ በአንድ ጻፈው። የመጀመሪያው ቤት እንዲህ አልጠየቀኝም።

ከዚያ ከፈታት። አቧራውን አልነግራችሁም። ማራገቢያው ሥር ያለው የአልሙኒየም ክንፍ ጨርሶ አይታይም ነበር። በብሩሽና በብሎወር ደጅ አውጥቶ አራገፋት። መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር እንግሊዝኛ ጽፋ፣ ሰዓትሽን አስተካክይ ብላ ኤፍ 1 የምታስጫነኝን ነገር ነገርኩት። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ በጥፍሩ ፈልቅቆ አወጣትና በሜትር ለካት። ሞታለች። ሲአር 2032 ትባላለች፤ ዋጋዋ ከምንም አይቆጠርም። ይህቺ ባትሪ ስትሞት ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል። ቀኑ ሲሳሳት ደግሞ ብሮውዘሩ ጤነኛውን ዌብሳይት ሁሉ "አይታመንም" ብሎ ይዘጋባችኋል። ኢንተርኔቱ ተበላሸ እያልኩ የከረምኩት ለካ በዚህች ምክንያት ኖሯል። ለዚህ ብቻ እንኳን ቢያስከፍለኝ ደስ ብሎኝ እከፍል ነበር።

ሰነዶቼን በሙሉ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ከገለበጠ በኋላ የውስጡን ዲስክ ጤና መረመረ። አርጅቷል እንጂ ደኅና ነው። ስለዚህ አልጣለውም። 256 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ከሃርድ ዲስክ በጣም የሚፈጥን ማስቀመጫ፣ ጨመረና ሚንትን እሱ ላይ ጫነ። አሮጌውን ዲስክ ከነዊንዶውስ 10 ጎኑ አስቀመጠው። የኤስኤስዲው የዳታ ገመድ አልነበረም፤ የዲቪዲውን ነቅሎ ሰካው። ዲቪዲ ዛሬ ማን ይጠቀማል? ራሟንም ዲዲአር 3 ጨምሮ 8 ጊጋ አደረሳት። የዕቃ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጽፍም። ጠቅላላው ግን ደኅና ዴስክቶፕ ከምገዛበት ከአሥር አንድ አይሞላም።

ሚንት ለማታውቁት፦ በነፃ የሚገኝ ሲስተም ነው። ላይሰንስ የለም፣ ክራክ የለም፣ አክቲቬተር የለም። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ያለ ነው። ልጁ የጫነልኝ 22ኛውን፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2029 አፕዴት ይመጣለታል። ፋይሉ ወደ 3 ጊጋ ስለሚጠጋ በፓኬጅ አውርዱት አልላችሁም፤ ጥገና ቤቶች ፍላሽ ላይ አላቸው። ከመጫኑ በፊት ደግሞ ከፍላሹ ላይ ብቻ ተነሥቶ አሳየኝ። ዲስክ ላይ ምንም ሳይነካ ከፍቼ፣ ጽፌ፣ ኢንተርኔት ገብቼ ሞከርኩት። ጫማ እንኳን ሳይለኩ አይገዛም።

ፕሪንተሩ ለምን እንዳስፈለገ ያኔ ገባኝ። የእኔ ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ 1102 ነው፤ የጽሕፈት ቤት ሁሉ ፕሪንተር። ሚንት ወዲያው ስሙን ጠርቶ አወቀው። ፕሪንት ሲባል ግን ጸጥ። ለካ ይህ ሞዴል ከኤችፒ የሚወርድ ፕለጊን፣ ተጨማሪ ትንሽ ፕሮግራም፣ ይፈልጋል። ልጁ አወረደለት፣ አበራው፣ ወረቀቱ ወጣ። ይህ ችግር ሱቄ ከደረስኩ በኋላ ቢገጥመኝ ዴሏን ተሸክሜ መመለሴ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው። አማርኛ።

አማርኛ ስጽፍበት የኖርኩት ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ሚንት ላይ አይጫንም። በቦታው ኪይማን የሚባል መጻፊያ ገባ፣ ከነአማርኛ ኪቦርዱ። በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፁን እየጻፋችሁ አማርኛ ይወጣል። ሁለት ነጥብ ደግማችሁ ስትጫኑ አራት ነጥብ ይሆናል። ለለመደው ሰው እንግዳ አይደለም። ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ሠ እና ፀ ላይ ጣቴ ይደናበራል። "ፀሐይ" ብዬ ልጽፍ ስል "ጸሐይ" ይወጣል፤ ለእኔ ግድ ባይሰጠኝም ስሟ ፀሐይ የሆነች ደንበኛ ግን አትስቅም። በታይፕ ጀምሬ ስንት ኪቦርድ ቀይሬያለሁ፣ ይህንንም ለምጄዋለሁ። ፍጥነቴ እንደ ድሮው የሆነው ግን ቀስ ብሎ ነው። ሥራ በሚበዛበት ሰሞን አትቀይሩ።

ፎንት ሌላው ጉዳይ ነው። ደንበኛ "በኒያላ አድርጊልኝ" ይላል። ኒያላ የማይክሮሶፍት ነው፣ ሚንት ውስጥ የለም። (ዊንዶውስ 10 እንኳን በአዲስ ሲጫን ኒያላን ይዞ አይመጣም፤ ከኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ ተፈልጎ ነው የሚጨመረው። "ፎርማት ካደረግኩት በኋላ ፎንቴ ጠፋ" የምትሉ ሁሉ መልሱ ይኸው።) ሚንት ላይ ኖቶ እና አቢሲኒካ አሉላችሁ። አቢሲኒካ ሲታተም በጣም ያምራል። ለውልና ለማመልከቻ እሱን ነው የምጠቀመው። እስካሁን ፎንቱን አይቶ ማመልከቻ የመለሰ መሥሪያ ቤት የለም።

የድሮ ፋይሎች ናቸው ያስቸገሩኝ። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ኮድ ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ በ1999 ነው። ጽሕፈት ቤቶች ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት በአሮጌዎቹ ፎንቶች ሲጽፉ ኖረዋል። እነዚያ ፋይሎች ውስጣቸው የእንግሊዝኛ ኮድ ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ሚንት ላይ አንዱን የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ስከፍተው ገጹ በሙሉ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ቁጭ አለ። ልጁ ፎንቶቹን ከአሮጌው ዲስክ ገልብጦ ሲያስገባቸው ጽሑፉ ተመለሰ። ማንበብና ማተም እችላለሁ። ማረም ሲያስፈልግ ግን ወደ ፓወር ግዕዝ መመለስ ግድ ነው። አሮጌው ዲስክ የተቀመጠው ለዚህ ነው። ሲነሣ ኤፍ 12 ተጭኜ ዊንዶውስ 10ን እመርጣለሁ፣ ሥራዬን ጨርሼ እወጣለሁ። እዚያ ውስጥ ኢንተርኔት የለም፣ የሰው ፍላሽም አይሰካም። ይህን ሕግ ለረዳቴም ነግሬያታለሁ፤ አንዳንዴ እያየኋትም ልትሰካ ትሞክራለች።

ከሁለቱ ሲስተም አንዲት አስቂኝ ነገር ተከተለች። ጠዋት በእኛ አራት ሰዓት ላይ ዊንዶውስ ስከፍት 10:00 ማለት ሲገባው 7:00 ይላል። ባትሪዋ ድጋሚ ሞተች ብዬ ልጁ ጋ ደወልኩ። ሳቀብኝ። ሚንት በኮምፒውተሯ ውስጥ የሚያስቀምጠው የዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ የአገሩ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። እኛ በ3 ሰዓት እንቀድማለን፣ ስለዚህ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በቴሌግራም አንድ መስመር ትእዛዝ ላከልኝ፣ ሚንት ላይ ለጠፍኩት፣ አበቃ። ከአስረከበ በኋላም ስልክ የሚያነሳ ባለሙያ ብርቅ ነው፤ ለዚህ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

ለወርድና ለኤክሴል ሊብሬኦፊስ አለ። ተራ ጽሑፍ ያለ ችግር ይከፍታል። ካሊብሪ እና ካምብሪያ ባይኖሩትም ልካቸው ተመሳሳይ የሆኑ ፎንቶች ስለሚተካ ገጹ ብዙም አይዘባረቅም። ሠንጠረዥና ፎቶ የበዛበት ሲቪ ግን ይንሸራተታል። በሁለት ገጽ ያለቀው ሦስተኛ ገጽ ላይ አንድ መስመር ጥሎ ይመጣል። ስለዚህ ለደንበኛ "ፒዲኤፍ አድርገህ አምጣ" እላለሁ። የሚሰማኝ ጥቂቱ ነው።

ፍላሹስ? ያ ሾርትከት ቫይረስ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው፣ ሚንት ላይ አይነሣም። ስከፍተው ሾርትከቶቹ ይታዩኛል፤ የተደበቀው ዋና ፎልደርም ይታየኛል፣ አንዳንዴ ስም የሌለው ሆኖ። ፋይሉን ከዚያ አውጥቼ አትምላቸዋለሁ። ፋይሌ ጠፋ ብሎ ላብ ላብ ያለው ተማሪ መመረቂያ ጽሑፉን ሳወጣለት ያየኝን አስተያየት! አሁን አንዳንዱ ለዚህ ብሎ ነው የሚመጣው። እያስከፈልኩ ነው።

ስለ ፍጥነቱ ሐቁን ልናገር። ድሮ አብርቻት ሱቅ ጠርጌ፣ ወረቀት ሞልቼ፣ አሁንም ትሽከረከር ነበር። ዛሬ ሸተሩን ከፍቼ ሳልጨርስ ዝግጁ ናት። ግን ምስጋናው በአብዛኛው የኤስኤስዲው ነው። ጎረቤቴ የሒሳብ ባለሙያ ነው፣ በፒችትሪ ነው የሚሠራው። ፒችትሪ የዊንዶውስ ስለሆነ ልጁ ራሱ "አንተ ሚንት እንዳትነካ" አለው። ዊንዶውስ 10ን እንደያዘ ኤስኤስዲ ብቻ አስገባ፤ የእሱም ከእኔ እኩል ፈጥኗል። ስለዚህ "ሊኑክስ አፈጠነው" የሚሏችሁን ግማሹን ብቻ እመኑ። የእሱ የደኅንነት ጥያቄ ግን እንዳለ ነው፤ የደንበኞቹን ኢሜይል የሚያየው አሁን በስልኩ ነው።

በቤቱ ላይ ቅሬታ የለኝም አልልም። የራሙን ዋጋ የነገረኝ ከሰካው በኋላ ነው፤ ዋጋው ባይከፋም ቀድሞ መናገር ነበረበት። ደረሰኝ አይሰጥም። ዛሬ ይደርሳል ያለው በመብራት ምክንያት ለነገ ተዛወረ። ጄኔሬተር የለውም፣ ወንበርም እንዲሁ። ዋስትና የሚሰጠው በቃል ነው። እስካሁን ቃሉን አላጠፈም።

የምትሄዱ ከሆነ የምትጠቀሙበትን ፕሮግራም ሁሉ ጽፋችሁ ሂዱ። ፕሪንተር፣ ስካነር፣ ካላችሁ ሁሉንም ያዙ። አሮጌ የካኖን ሌዘር ያላችሁ ከመነሣታችሁ በፊት ደውሉና ሞዴሉን ንገሩት፤ አንዳንዶቹ ሚንት ላይ አስቸጋሪ ናቸው፣ እሱም የማይሆነውን "አይሆንም" ይላል። ጠዋት መሄድ ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ሞባይል የሚያሠራው ሰው ይበዛበታል።